በብስክሌት ቱቦ ውስጥ የተደበቀ እምነት

ጣሊያናዊው ጂኖ ባርታሊ እ.ኤ.አ. በ1938 እና በ1948 ቱር ደ ፍራንስን አሸንፏል። ጸሎት የማያስታጉል ካቶሊክ ስለነበር አገሬው «መንፈሳዊው ጂኖ» ይለው ነበር።

ናዚዎች ጣሊያንን ሲይዙ የፍሎረንሱ ካርዲናል ኤልያ ዳላ ኮስታ አንድ አደራ ሰጡት። ባርታሊ ልምምድ የሚሠራ መስሎ ረጅም መንገድ ይነዳል፤ በብስክሌቱ ቱቦ ውስጥ ግን አይሁዶችን ከሞት የሚያተርፍ ሐሰተኛ ሰነድ ተጠቅልሏል። አንድ አይሁዳዊ ቤተሰብም በምድር ቤት ደብቋል። ቢደረስበት መዳኛ አልነበረውም።

ከጦርነቱ በኋላ ይህን በአደባባይ ማውራት አልወደደም። በ2000 አረፈ፤ የእስራኤሉ ያድ ቫሼም «የሕዝቦች ጻድቅ» ብሎ የሰየመው ከ13 ዓመት በኋላ ነው።

ዛሬ ለአንዲት እናት አምስት ኪሎ ዱቄት ሲሰጥ ካሜራው ከዱቄቱ ቀድሞ ይደርሳል። ካሜራ ብር ያሰባስባል፤ እውነት ነው። ግን ተቀባይዋ ፊቷን የምትሸፍንበት ጊዜ እንኳ አታገኝም። ወንጌል ምጽዋት በስውር ይሁን የሚለው ለሰጪው ነፍስ ብቻ ሳይሆን ለተቀባይም ክብር ነው።

ባርታሊ ዋንጫውን ለሕዝብ አሳየ። ቱቦው ውስጥ የነበረውን ግን ለፈጣሪ ተወው።