ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት

አንባቢ ሆይ፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ በሥራ የሚያውለው ግን ጥቂት ነው። እኔ በነገሌ ቦረና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄዱ ብርድ ልብስ፣ በሶና የእናት ምርቃት ይይዛሉ። የማጅራት ገትር ክትባት ግን ከጓዛቸው ጋር ሲቈጠር አላየሁም።

የዚህን በሽታ ጠባይ ስሙ ራሱ ይነግረናል፤ ማጅራትን ገትሮ ይይዛል። ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታትና ማስመለስም አለበት። እኛ የቆላ ሰዎች ትኩሳትን ሁሉ ወባ ማለት ልማዳችን ነው። ተማሪው «ወባ ናት» ብሎ ሲተኛ፣ በሽታው በ24 ሰዓት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ከዳኑትም መካከል መስማት የተሳናቸው አሉ።

የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስና በምራቅ ነው፤ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ በሚያድርበት ቤት ይበረታል። የተማሪዎች መኝታ ቤትስ ከዚህ በምን ይለያል? ደግሞም ከሴኔጋል ተነሥቶ ኢትዮጵያ የሚደርስ «የማጅራት ገትር ቀበቶ» የሚባል ምድር አለ፤ ልጆቻችን ለትምህርት የሚሄዱባቸው ብዙ ከተሞች በዚሁ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 አገራችንን የመታው ወረርሽኝ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ሰው ላይ ደርሷል።

«በልጅነቴ ተከትቤአለሁ» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በተደረገው ዘመቻ ከ1 እስከ 29 ዓመት የሆናቸው ተከትበዋል። ያ ክትባት ግን የሚከላከለው «ኤ» የተባለውን ዓይነት ብቻ ነው፤ «ሲ» እና «ደብልዩ» የተባሉት ዛሬም አሉ።

እስቲ ወደ መካ የሚጓዙትን አባቶቻችንን እንመልከት። ሳውዲ ዓረቢያ የሐጅ ተጓዥ ሁሉ ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ አራቱን ዓይነት፣ ማለት «ኤ»፣ «ሲ»፣ «ደብልዩ» እና «ዋይ»ን የሚከላከለውን ክትባት እንዲወስድ ታዛለች። ሕዝብ በአንድ ስፍራ ይከማቻልና፤ ሰውነትም መከላከያውን እስኪያበጅ ቀናት ያስፈልጉታልና። እንግዲህ አባት ለጥቂት ሳምንት ተከትቦ ሲሄድ፣ ልጅ ለዓመታት ሳይከተብ መሄዱ ተገቢ ነውን?

ወንድሜ፣ እኅቴ፤ የጥሪው ማስታወቂያ እንደ ወጣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ጠይቁ። በዚያ ከሌለ የሐጅ ተጓዦች የት እንደሚከተቡ ጠይቁ። ታናሽህን የምታስተምር የመንግሥት ሠራተኛ ወዳጄም፣ አዲስ ጫማ ከመግዛትህ በፊት ይህን አስብለት።