ቅርፊት የሌለው እንቁላል

በክረምት ከአዲስ አበባ ተነሥተን እንጦጦን ስንሻገር ሱሉልታ ሜዳ እንደርሳለን። ሜዳው ሰፊ ነው። ሣሩ ለምለም ነው። አፈሩ ውኃ ይይዛል። ከሜዳው የሚወርደው ውኃ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሲመሽ እንቁራሪቶች ይጮኻሉ። ጩኸታቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንቁላላቸውን የት እንደሚጥሉ ግን ልብ ብለናል?

አብዛኞቹ እንቁላላቸውን ውኃ ውስጥ ይጥላሉ። በአገራችን ደጋ ሣር መሬት ግን ሌላ ዓይነት እንቁራሪት አለች። ዘመዶቿ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። እርሷ መሬት ትቆፍራለች። እንቁላሏንም በውኃ ዳር፣ በእርጥብ አፈር ውስጥ ትጥላለች። ልጆቿ ሲፈለፈሉ እንደ ትንሽ ዓሣ ጅራት አላቸው። ከዚያ ወደ ውኃው ገብተው ያድጋሉ።

እስቲ የዶሮን እንቁላል እናስብ። ቅርፊት አለው። ስለዚህ በደረቅ ጭድ ላይም ይፈለፈላል። የእንቁራሪት እንቁላል ቅርፊት የለውም። የሚሸፍነው እንደ ሙጫ የሚያሟልጭ ነገር ብቻ ነው። አፈሩ እርጥብ ከሆነ እንቁላሉ ውኃ እየሳበ፣ እንደ ተነከረ ባቄላ ያብጣል። በውስጡ ያለው ፅንስም በደንብ ያድጋል። አፈሩ ከደረቀ ግን እንቁላሉ ውኃውን ያጣል። ይጨማደዳል። ፅንሱ ወይ ይሞታል፣ ወይ ቀጭጮ ይወጣል።

ታዲያ ውኃ ሲበዛስ? መሬት ላይ የተጣለ እንቁላል አየርም ይፈልጋል። በዋልካ መሬት ላይ ውኃ ሲተኛ እህሉ ቢጫ እንደሚሆን ገበሬ ያውቃል። ሥሩ አየር አጥቶ ነው። እንቁላሉም ለረጅም ጊዜ በውኃ ከተዋጠ ሊታፈን ይችላል። የሚስማማው ልኩ ነው።

በባሌ ተራሮች፣ ከ3000 ሜትር በላይ፣ ከዚህ የባሰ እርጥበት የምትሻ ትንሽ ጉርጥ አለች። ከባሌ በቀር በዓለም ላይ የለችም። በሳይንስ ስም የወጣላት በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። እንቁላሏን በእርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች። ልጆቿም ኩሬ ሳይገቡ እዚያው መሬት ላይ ያድጋሉ። እርጥበቱ ከጠፋ መሸሻ የላቸውም። ዛሬ ይህች ጉርጥ ከምድር እንዳትጠፋ ያሰጋል።

ጉዟችንን እንቀጥል። በቡራዩ የገፈርሳ ግድብ አለ። ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ይሰጣል። ሣር ባለበት ዳር አፈሩን ብንነካው ይቀዘቅዛል። ሣሩ ባለቀበት ግን በፀሐይ ይሰነጠቃል። ከሰበታ በላይ ደግሞ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። እዚያ ጥላውና የረገፈው ቅጠል እርጥበቱን ይጠብቁታል።

ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። ቤትና ፋብሪካ እየበዛ ነው። ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ሥራም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ረግረጉ ሁሉ ከደረቀ የምንጩ ውኃ ይቀንሳል፣ ለከብት የሚታጨደው ሣር ይሳሳል። ነፍሳትን የምትበላው እንቁራሪትም ትጠፋለች።

ስለዚህ የወንዝና የምንጭ ዳር እስከ አፉ አንረስ። ሣሩን አናቃጥል። ቦይ ስንቀድም ለረግረጉ የሚሆን ውኃ እናስቀር።

ጥያቄዎች
1. የእንቁራሪት እንቁላል ከዶሮ እንቁላል በምን ይለያል?
2. አፈሩ ሲደርቅ እንቁላሉ ምን ይሆናል?
3. በቀበሌያችሁ እርጥብ መሬት የት አለ? ማን ይጠብቀዋል?