መጉረስም ይለመድ

እኛ ማጉረስ እናውቅበታለን። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን፣ የውጭ አገር ሰው መሶባችን ዙሪያ ከተቀመጠ ዓይናችን ከአፉ አይነቀልም። «በርበሬው አልበዛብህም?» እያልን እንጠቀልልለታለን፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለንም እንደግመዋለን። እንግዳው ራሳችን ስንሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሻንጣችንን ሽሮና በርበሬ ሞልተን እንሄዳለን፤ በገባንበት ከተማ መጀመሪያ የምናፈላልገው የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። ከባዕድ እጅ መጉረስ ለምን እንዲህ ይከብደናል?

ጥያቄው የመጣብኝ ጆርጂያ ውስጥ ነው፤ የካውካሰሷን አገር ማለቴ ነው። ምሥራቃዊው የካኬቲ ክልል በመስከረም «ርትቬሊ» በሚሉት የወይን ለቀማ ይጠመዳል። ያረፍኩበት ቤት ጎረቤቶች ሲለቅሙ ውለው ማታ ግቢያቸው ውስጥ ረጅም ገበታ ዘርግተዋል። በበራቸው ሳልፍ አዩኝና በእጅ ጠሩኝ። እኔ የእነሱን ቋንቋ አልሰማ፣ እነሱ የእኔን፤ አስተርጓሚያችን እንግሊዝኛ የምትሞክር የልጅ ልጃቸው ብቻ ናት።

ዕለቱ ዓርብ ነበርና እንደምጾም በልጅቷ በኩል ነገርኳቸው። እነሱም ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብን ያውቁታል። የቤቱ እመቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ሥጋውን ከፊቴ አንስተው በሸክላ ድስት የተሠራ ቦሎቄ ከበቆሎ ቂጣ ጋር፣ በተወቀጠ ዋልነት የተለወሰ ስፒናችም ጨምረው አቀረቡልኝ። አጠገቤ ተቀምጠው ምኑን ከምን ጋር እንደምበላ በጣታቸው ያሳዩኝ ጀመር። ስቀምስ ዓይናቸው አፌ ላይ ነበር። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ፤ የእናቴ ነው።

በማግስቱ ደግሞ ጠርተው የኺንካሊ አበላል አስተማሩኝ። በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ነው፤ ውስጡ ትኩስ መረቅ አለበት። በሹካ ከተወጋ መረቁ ይፈስሳል። ከላይ ያለውን የሊጥ ቋጠሮ በእጅ ይዞ፣ ጥቂት ነክሶ፣ መጀመሪያ መረቁን መምጠጥ ነው። ቋጠሮው ሳህን ላይ ይቀራል፤ ማን ስንት እንደበላ የሚቆጠረው በእሱ ነው።

ወይኑ የሚጠመቀው «ክቬቭሪ» በሚባል፣ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ጋን ነው። ነጩ ወይን ከነልጣጩ ለወራት ስለሚቆይ ቀለሙ ወደ ጠጅ ይሄዳል። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ በ2013 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ በዚያው አገር 8,000 ዓመት ገደማ ባስቆጠሩ ሸክላዎች ላይ የወይን ጠጅ ቅሪት መገኘቱን አሳይቷል። አባወራው ስለ ጥንቱ ጠመቃ ሲያወሩ ግን ትናንት የሆነ ነው የሚመስለው።

ዝም ብሎ አይጠጣም። «ታማዳ» የሚባል የገበታ መሪ አለ፤ ለሰላም፣ ለሞቱት፣ ለልጆች፣ ለእንግዳ እያለ ይናገራል፤ ጽዋ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሲፈልግ «አላቬርዲ» ብሎ ንግግሩን ለሌላ ያስተላልፋል። ለእኔም አስተላለፈ። ሳይጨርሱት የማይቀመጥ የቀንድ ጽዋ አስያዙኝ። እኔም አያቶቻችን ጠጅ የሚጠጡበት ዋንጫ ከቀንድ ይሠራ እንደነበር ነገርኳቸው፤ ልጅቷ ተርጉማ ሳትጨርስ ገበታው በሳቅና በጩኸት ተናወጠ።

ጋባዥ መሆን ሥልጣን አለው፤ አዋቂውም አሳዪውም እኛ ነን። እንግድነት ግን በሰው ፊት ጀማሪ መሆን ነው፤ እንዴት እንደሚያዝ፣ መቼ እንደሚጠጣ ሌላው ይነግርሃል። በስደት ለሚኖር ደግሞ የባሰ ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ በቋንቋና በወረቀት ሲያንስ ውሎ፣ ማታ በሚያውቀው ማዕድ አዋቂ ሆኖ መቀመጥ ይፈልጋል። አልፈርድበትም። ሆኖም እኒያ አሮጊት ከእኔ የሚፈልጉት ዕውቀት አልነበረም። አለማወቄ ለእሳቸው ደስታ፣ ለእኔ መቀመጫ ሆነ።

ጎረቤታችሁ ቱርክም ይሁን ፊሊፒናዊ፣ ሳህን ይዞ ሲያንኳኳ «በልቻለሁ» ለማለት አትቸኩሉ። እምነታችሁ የማይፈቅደውን አልበላም ማለት ነውር የለውም፤ እኔም ብያለሁ፣ ገበታው አልተበላሸም። የቀረውን ግን ቅመሱ፤ እንዴት እንደሚበላም ጠይቁ። ሳህኑን ስትመልሱ ደግሞ ባዶውን አትመልሱት።