ጫፉ የተተረተረ ክር

 

ዛሬ ስለ ጫማ ክር እናወራለን። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ግን ትንሽ ነገር ሰውን ደጅ ላይ ሲያቆመው አይተናል። እሑድ ጠዋት ለአምልኮ ሊወጡ ሲሉ፣ ልጅም ደወል እንዳያመልጠው ሊሮጥ ሲል፣ የክሩ ጫፍ እንደ በቆሎ ጸጉር ተበትኖ በቀዳዳው አልገባ ይላል። በምራቅ ያርሱታል፣ በጣት ያሾሩታል፤ አንዱ ፈትል ሲገባ ሌላው ውጭ ይቀራል። ክሩ ግን አልሞተም። መሃሉን ይዛችሁ ብትስቡት አይበጠስም። የጎደለው ጥንካሬ አይደለም፤ ጫፉን አንድ አድርጎ የሚይዝለት ነገር ነው። ስንገዛው ጫፉን የምትይዘው ጠንካራ ላስቲክ ነበረች። እርሷ ስትወልቅ መተርተር ይጀምራል።

በእኛ በዋግ ብዙው የገጠር ሰው የሚጫማው ኮንጎ ነው፤ ኮንጎ ደግሞ ክር አያሻውም። የክር ጭንቀት የተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ ለበዓልና ለሠርግ ቆዳ ጫማ ያስቀመጠው ሰው ነው። ሸራ ጫማ ያለው ተማሪ በክሩ ምክንያት አዲስ ጫማ አይገዛም፤ አዲስ ክር መግዛትም ለአንዳንዱ ቤት ወጪ ነው። ስለዚህ ይጠግነዋል። እኛም ሲጠግኑ አይተን፣ ጠግነንም፣ ከዚህ ትንሽ ሥራ የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ጥገናው ቀላል ነው፤ ግን አስቀድሞ ክሩን ማወቅ ይጠይቃል። ከተበተነው ጫፍ አንዲት ፈትል ምዘዙና በክብሪት ለኩሷት። እንደ ወረቀት ነድዳ አመድ ከሆነች ክሩ ጥጥ ነው። ተኮማትራ ቀልጣ ስትበርድ ጠንካራ ፍሬ ከሆነች ግን ናይለን ወይም ፖሊስተር ነው።

ናይለንና ፖሊስተር በእሳት ይጠገናሉ። የተበተነውን በስል መቀስ ወይም በምላጭ ቁረጡት፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ሻማው ነበልባል አስጠጉት እንጂ ነበልባሉ ውስጥ አታስገቡት። አንድ ሁለት ሰከንድ ይበቃዋል። የሚቀልጠው ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሞቆ ስለሆነ በባዶ ጣት ከነካችሁት ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። በማንኪያ ጀርባ እንጨት ላይ አሽከርክራችሁ አቅጥኑትና ይብረድ። ልጆች ብቻቸውን አይሞክሩት።

ጥጥ ግን ከእሳት ጋር አይስማማም፤ ይነድዳል እንጂ አይያያዝም። ለጥጥ የሚሆነው ሰም ነው። ሰም ደግሞ በአገራችን አይጠፋም፤ የዋግ ማር ስሙ የታወቀ ነው፣ ማር ባለበትም ሰፈፍ አለ። ንጹሕ ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ጣሳውን የፈላ ውኃ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። ክሩን በተገመደበት አቅጣጫ አሹሩት፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሰሙ ውስጥ ንከሩት፣ ሲበርድ በጣታችሁ መካከል አሽታችሁ አሹሉት። ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድ ሰው ግን ሰሙ በሙቀት እንደሚለሰልስበት ይወቅ፤ ስለዚህ በላዩ ላይ በመርፌ ክር ጠበቅ አድርጎ ጠምጥሞ ይሰር። ሰም ያላገኘ ቀጭን ስኮች ጠቅልሎበት ወይም ማስቲሽ ቀብቶት ሳምንታት ይገፋል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ጥበብ ከጫማ ክር በፊት ያውቁታል። ጋቢ ከሸማኔ ወርዶ ጫፉ ካልተቋጨ እየተተረተረ ያልቃል። ስለዚህ እናቶች ተቀምጠው ፈትሉን በፈትል ላይ እያሾሩ ይቋጩታል። ንግግርን፣ ጉዳይን፣ ሥራን "ቋጨነው" የምንለውም በዚሁ ቃል ነው። ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ ከአፋር ምድር የሚመጣ አሞሌ ጨው የሚራገፍባት ገበያ ነበረች፤ ጫፉ በተፈታ መጫኛ ጨው ጭኖ ያን ሁሉ ቁልቁለትና ዳገት ማለፍ እንደማይቻል ማንም አይስተውም።

አሁን ወደ ቃሉ እንምጣ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ግሪክኛ ስንማር አእምሯችን ውስጥ ከቀሩት ቃላት አንዱ "ካታርቲዞ" የሚለው ነው። ማርቆስ 1፥19 ላይ የዘብዴዎስ ልጆች በታንኳ ውስጥ ሆነው መረባቸውን ሲያበጁ ጌታ አያቸው፤ ያ "ማበጀት" ካታርቲዞ ነው። ጳውሎስም በገላትያ 6፥1 በስሕተት የተያዘን ሰው በየዋህነት እንድናቀና ሲያዝዘን የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። እንግዲህ በሐዋርያው ዓይን የወደቀን ወንድም ማንሣት የቀደደ መረብ እንደ መጠገን ያለ የእጅ ሥራ ነው። ዓሣ አጥማጅ በመረቡ ላይ አይጮኽበትም። ጭኑ ላይ ዘርግቶ የተበጠሰችውን ክር ይፈልጋል።

ልብ በሉ፤ መረቡም ክሩም አንድ ዓይነት አይደለም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በመጀመሪያው መልእክቱ 5፥14 ላይ ሲጽፍ ሰዎቹን ለይቷቸዋል፤ ሥርዓት ለሌለው ተግሣጽ፣ ልቡ ለደከመ መጽናናት፣ ለደካማ ድጋፍ፣ ለሁሉም ደግሞ ትዕግሥት ይላል። በገበያ ሚዛን የሚያጭበረብር አማኝ ቢኖር እሳቱ ያስፈልገዋል፤ ግን ለእርሱም ቢሆን አስጠግቶ ነው እንጂ ነበልባሉ ውስጥ ከትቶ አይደለም። በድርቅ ከብቱን ያጣ፣ በጦርነት ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ግን ጥጥ ነው። እሳት ብታስጠጉበት አመድ ታገኛላችሁ። እርሱ ሰም ይፈልጋል።

ይህ ለእኛ ወሬ አይደለም። በጉባኤያችን መዝሙር የሚያገለግል አንድ ወጣት አለ። በጦርነቱ ጊዜ ቤተሰቡ ከተወለዱበት ወረዳ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ መጣ። ከጊዜ በኋላ መቅረት ጀመረ። አስቀድሞ የረቡዕን ጸሎት፣ ቀጥሎ የመዝሙር ልምምድን፣ በመጨረሻ እሑድን። ነገሩ በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንዱ፣ ስሙ ከመዘምራን ዝርዝር ይውጣ፣ ሌሎችም ይማሩበት የሚል ነበር። ይህን ያሉት ወንድሞች ክፉ አይደሉም፤ ሥርዓት የሌለው አገልግሎት እንደሚፈርስ ሁላችንም እናውቃለን። ሌላውን ሐሳብ ያነሡት ከሴቶች ኅብረት የመጡ አንዲት እናት ናቸው። "ከመቁረጣችን በፊት ቤቱ ሄደን እንየው፤ ምን እንደያዘው እንወቅ" አሉ።

ተነሥተን ሄድን። ልጁ በመናኸሪያ አካባቢ ጭነት እየተሸከመ የእናቱን የቤት ኪራይ ይከፍላል። እሑድ ደግሞ መኪና የሚበዛበት፣ ጥሩ የሚከፈልበት ቀን ነው። "ልብሴ ሸክም ሸክም ይሸታል፣ እንዴት ከመዘምራን ጋር እቆማለሁ?" አለን። እናቱ ቡና አፈሉልን፤ ያለቻቸውን ቆሎ አቀረቡልን። ጸልየን ተመለስን። ጉባኤው የሦስት ወር ኪራይ አዋጣ፤ ሱቅ ያለው አንድ ወንድም የአዘቦት ቀን ሥራ ሰጠው።

መጨረሻውን አሳምረን አንነግራችሁም። ወጣቱ እስከ ዛሬ ወደ መዝሙር አልተመለሰም። እሑድ ይመጣል፤ ከኋላ ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ከስብከቱ በፊት ወጥቶ ይሄዳል። ጫፉ ተይዟል፤ በቀዳዳው ግን ገና አላለፈም። እኛም አንጎትተውም። ገና ያልበረደ ሰም ከተነካ እንደገና ይበተናል።

ስለ መቁረጥ አንድ ነገር እንጨምር። በመቀስ መከርከም የጥገናው አካል ነው፤ የማይቆረጥ ነገር የለም አንልም። ነገር ግን ክር በተከረከመ ቁጥር ያጥራል። ዛሬ አንድ ጣት፣ ነገ አንድ ጣት እየቆረጣችሁ ብትሄዱ ጫፉ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አንድ ቀን መቋጠር የማይችል ክር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ችግርን ሁሉ ሰው በመቁረጥ የሚፈታ ጉባኤም፣ ቤተሰብም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ይሆናል፤ ግን ምንም ነገር ማሰር አይችልም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል፣ የድሩ ብዛት ሳይቆረጥ ነው።

ደግሞም ጊዜው አለ። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ይላሉ። ጫፉ ትንሽ ሲላላ የያዘ ሰው በአንዲት ጠብታ ሰም ይገላገላል፤ የዘገየ ግን ግማሹን ክር ያጣል። በ2007 ዓ.ም የኢትዮጵያ መንግሥት በከተማችን ስም የተጠራውን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይፋ ሲያደርግ፣ ግቡ ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም ማስቀረት ነበር። ሐኪሞች ከፅንስ ጀምሮ ያሉትን 1000 ቀናት አጥብቀው የሚናገሩት፣ በዚያ ጊዜ ያመለጠውን በኋላ መመለስ እጅግ ከባድ ስለሆነ ነው። የነፍስም ነገር ከዚህ አይርቅም። ባልና ሚስት መነጋገር ያቆሙበት የመጀመሪያ ሳምንት፣ ልጅ አባቱን መሸሽ የጀመረበት የመጀመሪያ ወር፣ ያኔ ጠብታ ሰም ይበቃል።

ይሁን እንጂ ከእናንተ መካከል "ጫፌን ጠግኜ፣ ራሴን አሰባስቤ እመጣለሁ" የሚል ይኖራል። በተለይ ገና ጌታን እየፈለጋችሁ ላላችሁ ይህን እንላለን። በ2008 ዓ.ም ነሐሴ፣ በሪዮ ኦሎምፒክ፣ እቴነሽ ዲሮ በ3000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ስትሮጥ ከሌሎች ሯጮች ጋር በተፈጠረ ግጭት ጫማዋ ተበላሸ። ልታስተካክለው ሞከረች፤ አልሆነም። ጫማውንም ካልሲውንም አውልቃ ጣለችና በአንድ እግር ጫማ ሩጫውን ጨረሰች። በኋላም ወደ ፍጻሜው እንድታልፍ ተፈቀደላት። ጫማዬ ይጠገንልኝ ብላ ሜዳው ዳር ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ ማንም አያሳልፋትም ነበር።

ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ አለ። ወደዚያ የሚገባ ሰው ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። የእምነት ሥርዓታችን ቢለያይም ይህን ከአንድ መጽሐፍ ነው የተማርነው። በዘፀአት 3 ላይ ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ሲቆም ጫማህን አውልቅ ተባለ እንጂ ክሩን አሳምረህ እሰር አልተባለም። ወደ እግዚአብሔር ፊት የሚቀርብ ሰው የተተረተረውን ይዞ ይመጣል፤ የሚቋጨው እርሱ ነው። ኢሳይያስ በ42፥3 ስለ ጌታ ባሪያ ሲናገር፣ ሊጠፋ ጥቂት የቀረውን የጧፍ ክር እፍ ብሎ እንደማያዳፍነው ነግሮናል። ክርና ሰም የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

አገልጋዮች ለሆንን ደግሞ አንድ ቃል ይቅርብን። ጫማን በእግር ላይ የሚይዘው የክሩ ጫፍ አይደለም። ጫፉ ሥራው አስቀድሞ በቀዳዳው አልፎ ለቀረው ክር መንገድ መክፈት ነው፤ ከዚያ ወደ ጎን ወርዶ ይንጠለጠላል። የጌታን የጫማ ጠፍር ለመፍታት እንኳ እንደማይበቃ የተናገረው መጥምቁ ዮሐንስ፣ ራሱ መንገድ ጠራጊ ነበር። በዚያ ዘመን የጫማ ጠፍር መፍታት የባሪያ ሥራ ነበር፤ እርሱ ግን ለዚያ እንኳ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆጠረ። ጌታ ሲመጣም ወደ ጎን ሆነለት፣ ደስም አለው። እኛም በየጉባኤያችን የተሰጠን ቦታ ይኸው ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። በቤታችሁ ጫፉ የተተረተረ ክር ካለ ዓይነቱን ለዩና ጠግኑት። እየሠራችሁ ሳለ ከመካከላችሁ መቅረት የጀመረ አንድ ሰው አስቡ፤ ስሙን በጸሎት ጥሩት፤ ከዚያ ተነሥታችሁ ቤቱ ሂዱ።

አባት ሆይ፣ የተበተንነውን ሰብስበን። ሳይቆረጥ ሊጠገን የሚችለውን የምናይበት ዓይን፣ እሳትና ሰምን የምንለይበት ጥበብ፣ እስኪበርድ የምንጠብቅበት ትዕግሥት ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።