በሩን ያስከፈቱትን አትርሺ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ልጄ፤

  እናትሽ ለአሜሪካ የትምህርት ጉዞሽ ሽሮውንና በርበሬውን አስፈጭታ፣ ድርቆሹንም አድርቃ ጨርሳለች። አክስቶችሽ ስለ ብርዱና ስለ ልብሱ የሚሉትን ብለዋል። ለእኔ የቀረኝ ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ ስጽፈው የኖርኩት ታሪክ ነውና ከስንቅሽ ጋር እሱን ልጨምርልሽ ብዬ ነው። የምጠቅስልሽ ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንድትይዢልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አንቺ የምትገቢበት የአሜሪካ በር ለአፍሪካ ልጅ ዝግ ሊባል በሚችል ሁኔታ የኖረ በር ነው። ያስከፈተውም ከምንም በላይ በዚያው አገር ሲገፉ የኖሩ ጥቁሮች ትግል ነው። ይህን የረሳ ሐበሻ እዚያ ምድር ላይ ራሱንም ሰውንም ይበድላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። በ1790 የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ከውጭ የመጣ ሰው ዜጋ የሚሆነው «ነጻ የሆነ ነጭ» ከሆነ ብቻ ነው ይል ነበር። በ1857 ደግሞ ድሬድ ስኮት የተባለ በባርነት የተያዘ ሰው ነጻነቱን ጠይቆ ቢከስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአፍሪካ ዘር ያለው ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደበት። ይህ ፍርድ የተሻረው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868 በጸደቀው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ በአሜሪካ ምድር የተወለደ ዜጋ ነው ተባለ። ነጻ ለወጡት ባሮች ታስቦ የተጻፈው አንቀጽ ውሎ አድሮ ለስደተኛው ልጅ ሁሉ መከታ ሆነ። ዎንግ ኪም አርክ ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ወላጆቹ ቻይናውያን ስለሆኑ ከቻይና ደርሶ ሲመለስ ዜጋ አይደለህም ተብሎ መርከብ ላይ ታገደ። ተሟገተና በ1898 በዚያ አንቀጽ ረታ። ይህ የሆነው የቻይና ሠራተኞች በ1882 በወጣ ሕግ እንዳይገቡ በተከለከሉበት ዘመን ነው፤ እገዳው የተነሣው በ1943 ነው። አንቀጹን ለማጥበብ የሚታገሉ ዛሬም አሉ።

የሕጉ መለኪያ ምን ያህል እንደ ልብ ይገለባበጥ እንደነበር ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቼን የሚያስቃቸው ታሪክ ነበረ። በ1922 ኦዛዋ የተባለ ጃፓናዊ ቆዳዬ ነጭ ነው፣ ዜግነት ይሰጠኝ አለ። ፍርድ ቤቱም ነጭ ማለት የቆዳ ነገር ሳይሆን የካውካዥያን ዘር ማለት ነው ብሎ መለሰው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በ1923 ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባለ ሕንዳዊ ቀረበ፤ የዘመኑ የዘር ሊቃውንት ሕንዶችን ከካውካዥያን ይመድባሉና በእናንተው መለኪያ እኔ ነጭ ነኝ አለ። ያው ፍርድ ቤት ደግሞ የሊቃውንቱን ተዉት፣ ተራው ሰው ነጭ የሚለውን ነው የምንቀበለው ብሎ እሱንም መለሰው። ልጄ፣ ዘረኝነት ሎጂክ የለውም ብለሽ አትደነቂ። ውጤቱን አስቀድሞ ይወስንና ምክንያቱን ኋላ ይፈልግለታል።

በዓመቱ፣ በ1924፣ የኮታ ሕግ ወጣ። ኮታ የተጣለበት አገር ሁሉ በ1890 ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት ተወላጆቹ ሁለት በመቶ ያህሉን በየዓመቱ ይልክ ተባለ። ቆጠራው ወደ ኋላ የተጎተተው ጣሊያኖችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች በብዛት ከመግባታቸው በፊት የነበረው የሕዝብ ስብጥር ስለተፈለገ ነው። ለጀርመን ከ51,000 በላይ ሲደርሳት ለጣሊያን 3,845 ደረሳት። ለኢትዮጵያ የደረሳት ዝቅተኛው ኮታ፣ 100 ሰው ነበር። ለሙሉ አገር፣ ለዓመት፣ 100! ከዚያም ቋሚው ኮታ በአሜሪካ ሕዝብ የዘር ምንጭ ይሰላ ሲባል የባሮች ተወላጆች ከስሌቱ እንዲወጡ በሕጉ ተጻፈ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን አያቶቻቸው ከአፍሪካ እንዳልመጡ ተቆጠረ፤ የአፍሪካ ድርሻም በዚያው ኢምንት ሆኖ ቀረ። እነሱ እዚያ ሲናቁ አንቺም እዚህ በሩ ይዘጋብሽ ነበር ማለት ነው። ሁለቱ በደሎች የተጻፉት በአንድ ብዕር ነው።

ሁለቱም የተፈቱት በአንድ ዘመን ነው። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ፣ በነሐሴ 1965 የምርጫ መብት ሕግ ወጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የነጻነት ሐውልት ሥር ተቀምጠው የኮታውን ሥርዓት የሚሽረውን የኢሚግሬሽን ሕግ ፈረሙ። ሴልማ በተባለችው ከተማ የምርጫ መብት የጠየቁ ሰዎች በቆመጥ ሲደበደቡ ዓለም ካየ በኋላ፣ በዜጎች መካከል በዘር መለየት ነውር ነው ያለ ምክር ቤት በበሩ ላይ በዘር መለየቱን መቀጠል አልቻለም። ከዚያ በኋላ የ1980 የስደተኞች ሕግ መጣ፤ ከደርግ የሸሹት፣ ሱዳን የከረሙት ወገኖቻችን የገቡት በእሱ ነው። የ1990ው ሕግ ደግሞ ዲቪን አመጣ። ዲቪ ሲታሰብ ከገፋፉት መካከል የአየርላንድና የጣሊያን ተወላጆች ነበሩ፤ በመሸጋገሪያው ዓመታት 40 በመቶው ለአየርላንድ ተይዞ ነበር። ኋላ ግን ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀመበት አፍሪካዊው ሆነ። የጎረቤታችን ልጅ በዲቪ የሄደ ጊዜ ዕድል ነው አልን፤ ዕድሉ ግን ከሰማይ አልወረደም።

እዚያ ስትደርሺ «እኛ እኮ ሌላ ነን፣ እኛ ጥቁር አይደለንም፣ ሐበሻ ነን» የሚልሽ ሰው አታጪም። ቅኝ አልተገዛንም፣ አድዋ አለን፣ ይልሻል። አድዋ እውነት ነው፤ ግን አድዋን እንደ ራሳቸው ድል ከያዙት መካከል እነዚያው ጥቁሮች ናቸው። በ1935 ሙሶሊኒ ሲወረን በኒውዮርኩ ሐርለም ሰፈር ሰልፍ ወጡ። ብዙዎች ለመዝመት ተመዘገቡ፤ መንግሥታቸው ለባዕድ ጦር መመልመልን የሚከለክለውን ሕግ ጠቅሶ አገዳቸው። ከቺካጎ ጆን ሮቢንሰን የተባለው አብራሪ ግን መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መርቷል፤ ከድል በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች አብራሪነት አስተምሮ በ1954 አዲስ አበባ ላይ ሞተ። ከእኛ ወገን ደግሞ ዶክተር መላኩ በያን ነበረ። ቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ነው፤ እኔ ከእናንተ የተለየሁ ነኝ ቢል የሚያምንለት አያጣም ነበር። እሱ ግን በጥቁሮቹ ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ሕክምና ተማረ፣ ጥቁር አሜሪካዊት አገባ፣ በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋመ። አርአያሽ እሱ ይሁን።

ደግሞም መንገድ ላይ የሚጠላሽ ሰው ታሪክሽን አይጠይቅሽም። በ1988 ፖርትላንድ ላይ፣ ከእኛ አገር ለትምህርት የሄደውን ሙሉጌታ ሥራውን ጸጉራቸውን የተላጩ ዘረኛ ወጣቶች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። በ1999 ኒውዮርክ ውስጥ ባዶ እጁን በቤቱ ደጃፍ የቆመውን የጊኒ ስደተኛ አማዱ ዲያሎን አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኩሰው ገደሉት፤ በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት ነጻ ለቀቃቸው። የሙሉጌታ ነገር ግን በዚያ አልቆመም። የደቡብ ድህነት የሕግ ማእከል ጠበቆች ቤተሰቡን ወክለው ወጣቶቹን ያነሣሣውን የዘረኞች መሪ ቶም ሜትዝገርን ከሰሱ፤ በ1990 ፍርድ ቤቱ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። ያን ጥብቅና ያስገኘው የሲቪል መብት ትግሉ ያቆመው ተቋም ነው። እንግዲህ ጥቁር አይደለሁም ያለ ሐበሻ በደል ሲደርስበት የሚሮጠው የማን ቤት ነው?

ዋሽንግተን ስትደርሺ የምትከራዪውን ቤት የሚፈልጉልሽ ሰዎች «እዚያ ሰፈር አትግቢ፣ ጥቁሮች ናቸው፣ ሰነፍ ናቸው» ይሉሻል። ሰፈሩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ጠይቂ። በ1930ዎቹ የመንግሥት ድርጅት የከተሞችን ካርታ ሲሠራ ጥቁሮች የሚኖሩበትን ሰፈር በቀይ ቀለም አሰመረ፤ ቀይ የተሰመረበት ሰፈር የቤት ብድር ዋስትና ተነፈገው። በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲወጣ የእርሻና የቤት ሠራተኞች ተተዉ፤ ደቡብ ውስጥ አብዛኛው ጥቁር የሚሠራው ይህንኑ ነበር። ቤት በማከራየትና በመሸጥ መለየት በሕግ የተከለከለው በ1968 ነው። አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ሀብት ማለት በዋናነት ቤት ነው፤ ነጩ አያት ቤት ሲያወርስ ጥቁሩ አያት የኪራይ ደረሰኝ አወረሰ። እዚያው ዋሽንግተን ውስጥ ሻው የሚባለው ሰፈር በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል በተነሣው ሁከት ተቃጥሎ ነበር። የእኛ ሰዎች ኪራዩ ሲረክስ ገብተው ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ጎዳናውን አነቃቁት፤ ይህ የሚያኮራ ነው። በ2005 ግን ዘጠነኛው ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባልልን ሲሉ ነባሮቹ ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ታሪካችንን አታጥፉብን አሉ። አልፈርድባቸውም። እንግዳ ስሙን ከመጻፉ በፊት የቤቱን ባለቤት ስም ማንበብ አለበት።

የእኛንም ጉድ አትሸፍኚው። ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ቡዳ ብለን ማዕድ የለየን፣ ባርነትን በሕግ የከለከልነውም በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሆነ ሰዎች ነን። ሰውን በመልኩ ጥቁረት የሚንቅ ምላስ ከአገር ቤት ይዘን እንሄዳለን። ያንን ከሻንጣሽ አውጪው።

አሁን ወደ ኑሮሽ ልመለስ። አሜሪካ በፈረመችው ወረቀት የምትሟገት አገር ናት፤ ወረቀትሽን ጠብቂ። የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው ትምህርት ባለበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚሠራው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ለጥቂት ዶላር ብለሽ ከዚያ እንዳታልፊ። አድራሻ ስትቀይሪ በ10 ቀን ውስጥ ለዩኒቨርሲቲው አስታውቂ። መንጃ ፈቃድ ስታወጪ ለምርጫ ልመዝግብሽ ቢሉሽ እምቢ በይ፤ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለትና መምረጥ ከአገር ያስባርራል። ወረቀት አስተካክላለሁ የሚል ወዳጅ የሕግ ፈቃድ ከሌለው፣ ቋንቋችንን ስለተናገረ ብቻ አትመኚው። ፖሊስ ቢያስቆምሽ እጅሽን ከሚታይበት አድርጊ፣ በእርጋታ ተናገሪ። ከታሰርሽ ዝም የማለትና ጠበቃ የመጠየቅ መብት እንዳለሽ አትርሺ፤ ያልገባሽን ወረቀት አትፈርሚ። ፕሬዚዳንት በተቀየረ ቁጥር የኢሚግሬሽን ደንብ ይቀየራልና በቲክቶክ ወሬ አትንቀሳቀሺ፤ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ጠይቂ።

ይህን ሁሉ ስልሽ ሰው ሁሉ ጠላትሽ ነው ማለቴ አይደለም። የ1965ቱን ሕግ ምክር ቤት ያቀረቡት ሴለርና ሃርት ነጮች ነበሩ። በየቀኑ የሚገጥምሽን ክፉ ፊት ሁሉ ዘረኝነት ነው አትበይ፤ ዘረኝነት በሆነ ጊዜም አይደለም ብለሽ ራስሽን አታታልዪ። የደረሰብሽን በቀንና በቦታ ጽፈሽ ያዢ፤ እዚያ አገር ያልተጻፈ በደል አልተፈጸመም ይባላል።

ልጄ፣ የምለምንሽ ይህን ነው። ከጥቁር ጎረቤትሽ ጋር ተዋወቂ፣ ቡና አፍዪና ጥሪያቸው፣ ታሪካቸውን ከአፋቸው ስሚ። ነገ ድምፅ የምትሰጪ ዜጋ ብትሆኚ ከአንቺ ኋላ የሚመጣውን ስደተኛ በሩን ከሚዘጉበት ጋር አትቁሚ።

እግዚአብሔር ከፊትሽ ይቅደም፤ በወጣሽበት እግር በሰላም ይመልስሽ። ከክፉ ሰውና ከክፉ ሕግ ይጠብቅሽ። አሜን።

አባትሽ