ኅዳር ሲታጠን በአይን ሻምስ

እናቴ ያልፋመ ከሰል ቤት አታስገባም ነበር። ደብረ ብርሃን በሐምሌ ጉም ሲውጣት ማንደጃውን ደጅ ታወጣና ከሥሩ ጭራሮ አድርጋ ታቀጣጥላለች። ከሰሉ ጥቁረቱ ለቆት ቀይ ፍም እስኪሆን ድረስ ታራግበዋለች። እኛ ልጆቿ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ወሽቀን በሩ ላይ እንጠብቃለን። «እማዬ፣ አሁንስ አይገባም?» ስንላት «ጭሱ ይውጣለት፤ ይፋም» ትለናለች። ሲፋም ማንደጃው መሀል ቤት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ቡናው ይቆላል።

ይህ የእናቴ ሕግ ከእኔ ጋር ግብፅ ድረስ መጥቷል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሰው የሚገድል ስሕተት ነው፤ ይህንም ያወቅኩት አይን ሻምስ ውስጥ፣ ጓደኛዬን ከመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ጎትቼ ካወጣኋት በኋላ ነው።

አይን ሻምስ በካይሮ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሜትሮ አንደኛው መስመር የሚደረስበት፣ ሕዝብ የበዛበት ሰፈር ነው። የዐረብኛው «አይን» የእኛው ዐይን ነው፤ «ሻምስ» ደግሞ ፀሐይ። መጽሐፍ ቅዱስ ኦን የሚላት የጥንቷ የፀሐይ ከተማ እዚሁ አካባቢ ነበረች። አጠገባችን ባለው መታሪያ እመቤታችን በስደቷ ጊዜ ከልጇ ጋር አርፋበታለች የሚባለው ዛፍ አለ፤ በወርኃ ጽጌ ሄደን እንሳለመዋለን። ሰፈሩ በፀሐይ ይጠራ እንጂ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ወደ 9 ዲግሪ ይወርዳል። ለደብረ ብርሃን ልጅ ይህ ብርድ አይባልም ትሉኝ ይሆናል። ቤቶቹ ግን ለበጋው ሙቀት የተሠሩ ናቸው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ፀሐይ የማያይ ክፍል። አሜሪካና ካናዳ ያሉ ዘመዶቻችን ምድር ቤታቸው ውስጥ ፈርነስ የሚሉት የጋዝ ማሞቂያ ሙሉ ቤቱን ያሞቅላቸዋል። እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከምድጃው ሌላ በጋዝ የሚነድደው የውኃ ማሞቂያው ነው፤ ሰኻን ይሉታል።

ሀገር ቤት ውኃ የሚሞቀው በድስት ነው፤ አቅም ላለው በኤሌክትሪክ ቦይለር። ስለዚህ አብዛኞቻችን ሰኻን የምናየው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሣጥን ነው። ቧንቧውን ስትከፍቱ በሁለት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ጠቅ ጠቅ ብሎ ይቀጣጠላል፤ ስትዘጉት ይጠፋል። እናቴ ከማንደጃዋ ዐይኗን አትነቅልም ነበር። ሰኻን ያለው ሰው ግን ቤቱ ውስጥ እሳት እየነደደ መሆኑን ፈጽሞ ይረሳዋል። እኔም ረስቼው ነበር።

ጊዜው ጾመ ነቢያት ነበር። አራት ሴቶች ሆነን የተከራየነው ቤት የጋዝ ቧንቧ ያልገባለት ስለነበር የምንጠቀመው በአንቡባ፣ ማለትም በሲሊንደር ጋዝ ነው። ሰኻኑን ያስገጠመልን አከራያችን ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ነበር፣ የተሰቀለውም መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ። የጭስ ማውጫው ቱቦ በመስኮቱ በኩል ወደ መንወር ይወጣል። መንወር ማለት በካይሮ ሕንፃዎች መሀል ከምድር እስከ ጣሪያ የሚሄድ ጠባብ የአየር ጉድጓድ ነው፤ የየፎቁ መታጠቢያ ቤትና ኩሽና መስኮት ወደዚያ ይከፈታል። ጓደኛዬ ከሥራ መጥታ ብርዱ እንዳይገባባት መስኮቱን ዘግታ ገባች። ውኃው ሲወርድ ይሰማኛል። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሆነ፤ አሁንም ይወርዳል። አንኳኳሁ፣ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። በሩን ገፍተን ስንገባ ወለሉ ላይ ተዘርራለች።

አንዳችም ሽታ አልነበረም። ጭስም የለም። «ጾሙ ነው፣ ሳትበላ ውላ ነው» ተባባልን። እውነቱን ለመናገር በር ዘግተን ውኃ ልንረጭባት ነበር። ያዳነን ከላይኛው ፎቅ ጩኸት ሰምታ የወረደችው ሱዳናዊት ጎረቤታችን ናት። ገና በሩ ላይ ሆና «ኤል ሰኻን! ኤል ሰኻን!» አለች። የአንቡባውን ቁልፍ ዘጋች፣ መስኮቶቹን በረገደች፣ ልጅቷን በአንሶላ ጠቅልለን ወደ ደረጃው አወጣናት። አምቡላንስ መጣ፤ ሆስፒታል ለሰዓታት ኦክስጅን ሰጧት። ተረፈች።

ማታውን ለእናቴ ደወልኩላት። ነገሩን ሳልጨርስላት «ከዚያ በፊት ራሷን ያማት ነበር? ያቅለሸልሻት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሁላችንንም ራሳችንን ሲያመን ነበር፤ ከቤት ስንወጣ ይለቀናል፣ ስንመለስ ይጀምረናል። «ከሰል ነው የመታት» አለች እናቴ። «እማዬ፣ እዚህ ከሰል የለም» አልኳት። «ያው እሳት አይደል?» አለችኝ።

እናቴ ልክ ነበረች። ከሰልም ይሁን ጋዝ ወይም ቤንዚን፣ አየር አጥሮት ሲነድድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዐይን አያቃጥልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ሕጓ የሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ፍም ከጥቁር ከሰል ያነሰ ጭስ ያወጣል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አይቀርለትም። የሚያስለው፣ የሚያስነባው፣ «በሩን ክፈቱ» የሚያሰኘው ጭስ ሲጠፋ የሚገድለው ብቻውን ይቀራል፤ እኛም በሩን የምንዘጋው ያን ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ ኮሚሽን ብርድ በገባ ቁጥር ከሰል አንድዳችሁ አትተኙ እያለ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው።

በኋላ ገንዘብ አዋጥተን ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ጠራን። አከራያችን አልከፍልም ብሎናል። ቴክኒሻኑ ሽፋኑን ፈትቶ ያሳየንን ስጽፍላችሁ ቃል በቃል ባይሆንም በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ሰኻን ያለው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

መጀመሪያ ያሳየን ጥቀርሻውን ነው። ሰኻኑ ለቧንቧ ጋዝ የተሠራ ነበር፤ የተገናኘው ግን ከአንቡባ ጋር ነው። ጋዙ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ ያላት ናስ አለች፤ ግብፃውያን ፎኒያ ይሏታል። የቧንቧ ጋዝ ፎኒያ ቀዳዳዋ ሰፊ ነው፤ የአንቡባው ጠባብ። በሰፊዋ የአንቡባ ጋዝ ሲለቀቅባት ከሚገባው በላይ ይፈስሳል፣ አየሩ አይበቃውም፣ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጥቀርሻ ይጥላል። ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊ ነው። ለወራት በሰኻኑ ትንሽ መስኮት ቢጫውን እያየን «እንዴት ደስ የሚል እሳት ነው» ስንል ኖረናል። ቤት ስትቀይሩ ሰኻናችሁን ወይም ምድጃችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ሰዎች፣ ይህን ሳታስፈትሹ አታቀጣጥሉ።

ሁለተኛው ቱቦው ነበር። ከሰኻኑ አናት ቀጥ ብሎ መውጣት ሲገባው ወዲያው ታጥፎ፣ ወደ መስኮቱ እያዘቀዘቀ፣ ጫፉ ተጨማድዶ ነበር የወጣው። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። በላዩ ላይ መስኮቱ ውስጥ ሸፋጥ፣ ማለትም አየር የሚስብ ማራገቢያ አለ። እንፋሎቱ እንዲወጣ ብለን እናበራዋለን፤ እሱ ግን ከክፍሉ አየር ሲስብ በቱቦው ሊወጣ የነበረውን ጭስ መልሶ ይጎትተዋል። ለደኅንነታችን ብለን የምናደርገው ነገር እንዲህ ጠላታችን ሆኖ ማየት እስካሁን ያስደነግጠኛል።

ሰኻኑን ከመታጠቢያ ቤት አውጥቶ ኩሽና ውስጥ ሰቀለው። ፎኒያውን ቀየረ። ቱቦውን አዲስ አድርጎ ወደ ላይ አስነሥቶ ነፋስ ወደሚያገኝበት ውጭ አወጣው። የጎማውን ቱቦ ቀይሮ በማሰሪያ አጠበቀ። ከዚያ ጋዙን ከፍቶ ግን ሳያቀጣጥል የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ቀባ፤ አረፋው ካበጠ ጋዝ ይወጣል ማለት ነው። በክብሪት ፈጽሞ እንዳንፈትሽ አስጠነቀቀን። የአንቡባ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል፤ የቧንቧው ጋዝ ቀላል ስለሆነ ወደ ኮርኒስ ይወጣል። ሁለቱም የሚሸቱት ሽታ ተጨምሮባቸው ነው። ሽታ ካለ መብራት ማብራትም ማጥፋትም አይገባም። መዝጋት፣ መክፈት፣ መውጣት፣ ከውጭ ሆኖ መደወል።

በመጨረሻ አቀጣጠለው። አንዴ ሞክሮ ባይነሣ ደቂቃዎች ጠብቆ የተጠራቀመው ጋዝ ከወጣ በኋላ ደገመው። ሲነድድ መስኮትና በር አስዘግቶ የጭስ መሳቡን ሊፈትሽ ጭስ ያለው ነገር ጠየቀን። እኛ ቤት ዕጣን አይጠፋም። ጓደኛዬ ዕጣን ለኮሰች፤ እሱ ጭሱን በሰኻኑ አናት ካለው ክፍተት አጠገብ ያዘው። ጭሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። «ተመልከቱ፣ ይተነፍሳል» አለን። ወደ ፊታችን ቢመለስ ኖሮ ወዲያው ማጥፋት ነበረብን።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ሰኻናችንን እናጥናለን። ሀገር ቤት ያን ቀን በ1911 ዓ.ም. ሕዝባችንን የጨረሰውን የኅዳር በሽታ እያሰበ ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። እዚህ ደግሞ ብርዱ የሚገባውና ሰኻን አብዝቶ መንደድ የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ቴክኒሻኑን በዓመት አንዴ የምንጠራውም ያን ጊዜ ነው፤ ዕጣኑ እሱን አይተካውም። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ልኮልን መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ ሰቅለነዋል።

ባደጉት ሀገሮች ያሉትስ ቢሆኑ? በየካቲት 2021 እንደ ፈረንጆቹ ቴክሳስ በበረዶ ተመትታ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ሂዩስተን ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ መኪና አስነሥቶ ሊሞቅ ሞከረ። እናትና ትንሽ ልጇ ሞቱ። ያን ዜና ባነበብኩ ቁጥር የእናቴ ማንደጃ ይታየኛል። የሚሞቁበትን ነገር ፈልገው ነው፤ ማንም እናት ልጇ ሲበርደው የምታደርገውን ነው ያደረገችው።

እዚህ ካይሮ ያላችሁ እኅቶቼ፣ በተለይ ከሰው ቤት ሥራ ወጥታችሁ በጋራ የተከራያችሁ፦ አከራዩን መጠየቅ አትፈሩ። ቤት ከመያዛችሁ በፊት ሰኻኑ የት እንደተሰቀለ፣ ቱቦው የት እንደሚወጣ እዩ። ቱቦ ከሌለው ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ፤ እስክታገኙ በድስት አሙቁ። ቡና ስታፈሉ ከሰሉ ቢፋምም መስኮት ይከፈት፣ ስትተኙ ማንደጃው በረንዳ ላይ ይደር። ቤት ውስጥ ያላችሁ ሁሉ አብራችሁ ራስ ምታት ከያዛችሁ ጾም ነው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፤ መጀመሪያ ውጡ።

በግብፅ የጋዝ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 129 ነው፤ አምቡላንስ 123።