ከሪፖርቱ የጎደሉት ትዕዛዞች

«ያልገቡ ዕቃዎች» የተባለውን ሪፖርት የሠራሁት እኔ ነኝ። ታዘው ገና መጋዘን ያልደረሱ ዕቃዎችን እንዲያሳይ የተሠራ ነበር፤ ጭራሽ ያልደረሱትን ግን አንዱንም አያሳይም ነበር። በዚህ ሰበብ ያለ ጥፋታቸው ማስጠንቀቂያ የተጻፈባቸው አንዲት የግዥ ባለሙያ አሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እያወቅሁ ዝም አልኩ። የምናዘዘው በሪፖርቱም በዝምታዬም ነው።

መሥሪያ ቤታችን የሚሠራው በኤስኤፒ ነበር። የትዕዛዙ ዋና መረጃ፣ የየዕቃው ዝርዝርና የርክክቡ ታሪክ በሦስት ቴብሎች ተለያይተው ይቀመጣሉ። ግዥ ክፍል ሦስቱን አገናኝቼ ቀሪውን እንዳወጣለት ጠየቀኝ። ኮድ ሳይጻፍ ሪፖርት በሚወጣበት በኩዊክቪወር ጀመርኩ። ሲስተሙ ራሱ የርክክቡን ቴብል ከሁለቱም ጋር አያይዞ አቀረበልኝ፤ ማያያዣዎቹን አቻ ያጣውንም መዝገብ ወደሚያስቀረው ሌፍት አውተር ጆይን ስቀይራቸው ግን ቴብሉ በዚህ ዓይነት ጆይን ከሁለት ቴብሎች ጋር ተያይዟል ብሎ አልቀበልም አለኝ። ኋላ ሲገባኝ፣ ትርፉን ማያያዣ ማጥፋት ይበቃ ነበር፤ ርክክቡ ከየዕቃው ዝርዝር ጋር ብቻ ቢያያዝ ሥራው ያልቅ ነበር። መልእክቱን ረጋ ብዬ አላነበብኩትም። እንቅፋት ነው ብዬ የማልፍበትን መንገድ ፈለግሁ።

ያገኘሁት መንገድ ቪው ነው። በዳታ ዲክሽነሪው ውስጥ ሦስቱን ቴብሎች በአንድ ቪው አሰርኳቸውና ለኩዊክቪወሩ እንደ አንድ ቴብል ሰጠሁት። ወዲያው ሠራ። ደስታዬ ትዝ ይለኛል፤ ለባልደረቦቼም አሳየኋቸው። በዚያ ዲክሽነሪ የሚፈጠር የዳታቤዝ ቪው ግን የሚያውቀው ኢነር ጆይንን ብቻ ነው። በሁሉም ቴብሎች ውስጥ አቻ ያለው መዝገብ ያልፋል፤ አቻ ያጣው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይወድቃል። ምንም ያልገባለት ትዕዛዝ ደግሞ የርክክብ ታሪክ የለውም። መቶ ታዞ አርባ የገባለት ዕቃ ስድሳ ቀሪ ይዞ ይታያል፤ መቶ ታዞ አንድም ያልገባለት ከነጭራሹ የለም። ይበልጥ መታየት የነበረበት እሱ ነው።

ፈትሼዋለሁ፤ ያውም በጥንቃቄ። ከንብረት ክፍል አንድ እስር ሞዴል 19 ተውሼ እያንዳንዱን ደረሰኝ ከሪፖርቱ ጋር አመሳከርኩ። ሁሉም ተገኘ። ሞዴል 19 የሚቆረጠው ዕቃ ሲገባ ነውና መገኘቱ ምን ይገርማል? ያልገባውን የሚያሳይ ሪፖርት በገባው ብቻ ፈተንኩት።

ከውጭ የታዘዘ የፓምፕ ኩሽኔታ ነበር። አቅራቢው በጊዜው አልጫነም። በሪፖርቱ ላይ ስላልታየ ማንም አልጎተጎተውም፤ ለክፍያው በባንክ የተከፈተው ኤልሲ ጊዜው አለፈ። በአገራችን ያኔ ይህ ምን ማለት እንደነበር በግዥ ሥራ ላይ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለውጭ ምንዛሪ እንደገና ወረፋ መያዝ ነበር። ባለሙያዋ ሲጠየቁ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ሪፖርትህ ላይ እኮ የለም፤ ገብቶ መስሎኝ ነው» አሉ። ስብሰባው ላይ የሰማቸው አልነበረም። ሲስተም አይሳሳትም ተባለ።

ያን ዕለት ማታ የትዕዛዙን ዝርዝር ቪው ከሚያወጣው ጋር አስተያየሁ። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በማግስቱ ቪውን ትቼ በኤስኤፒ 7.40 እትም በመጣው ሲዲኤስ በተባለው የቪው መጻፊያ፣ በሌፍት አውተር ጆይን እንደገና ጻፍኩት። በዚህኛው ርክክቡን አስቀድሜ በየዕቃው ደመርኩ፤ አለዚያ በሁለት ጊዜ የገባ ዕቃ የታዘዘው መጠን ሁለቴ ይቆጠራል። በርክክቡ ላይ ያለውንም ማጣሪያ ከጆይኑ በኋላ ከሚሠራው ዌር አውጥቼ ወደ ጆይኑ አስገባሁ፤ ዌር ላይ ቢቀር አቻ የሌላቸውን መልሶ ይጥላቸዋል። ሥራው ተስተካከለ። ለኃላፊዎች በላክሁት ኢሜይል ግን «ሪፖርቱ ተሻሽሏል» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

ተሳስቼ ነበር ማለት አልቻልኩም። ሴትዮዋ በኮሪደር ሲያገኙኝ እንደ ወትሮው ሰላም ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን ዓይናቸውን ማየት ከበደኝ። ዝም ባልኩበት ጊዜ የደረጃ ዕድገት ውድድር መጣ፤ ማስጠንቀቂያው በፋይላቸው ውስጥ ስለነበር ወደቁ። ከዚያ በኋላ ነው ለኃላፊው በጽሑፍ ያመንኩት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከፋይላቸው ተነሣ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ይቅርታም አደረጉልኝ። ዕድገቱ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፤ አልተመለሰላቸውም።